የሞግዚቷ እጅና የንጉሡ ማዕድ

ንጉሥ ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ መሞታቸው በተሰማ ጊዜ፥ የ5 ዓመት ሕፃን የነበረውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ሞግዚቱ አቅፋ ስትሸሽ፥ ከመጣደፏ የተነሣ ወድቆባት ሁለት እግሩ ሽባ ሆኖ እንደ ቀረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ተጽፏል። የተጎዳው እግሩ ይሁን አከርካሪው መጽሐፉ አይገልጥም፤ ዛሬም ከዛፍ ወይም ከሰገነት ወድቆ፥ አለዚያም በአውቶሞቢል ተገጭቶ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ብላቴና ከወገቡ በታች በድን ሆኖ ሲተኛ፥ ጠያቂ ዘመድ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ በልቡ የሚያወጣው የሚያወርደው፥ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ያነሡትን ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ይህ በማን ኃጢአት ሆነ?

ጌታ ጥፋቱን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ እንዳላኖረ ከዐውደ ምሕረት ሲነገር እየሰማን፥ ጥያቄውን አልተውነውም። የሞግዚቷን ነገር ያስተዋለ ግን የጥያቄውን ከንቱነት ይረዳል፤ ሕፃኑ የወደቀባት ልታድነው ስትሮጥ ነውና። ሐኪሞችም እንደሚያስረዱን፥ የትንሽ ልጅ ራስ ለአካሉ የከበደ፥ የአንገቱም ጅማት ገና የላላ ስለ ሆነ፥ በራጅ አጥንቱ ደኅና ሆኖ እየታየ ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል፤ የወደቀውንም ልጅ አንገቱንና ጀርባውን ሳይደግፉ እጅና እግሩን ይዘው ብድግ ቢያደርጉት፥ ርኅራኄው ራሱ ጉዳቱን ሊያከፋው ይችላል። እንግዲህ ፍቅርም ሳያውቅ የሚሰብር ከሆነ፥ መከራን ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ዳዊት በነገሠ ጊዜ፥ ስለ ዮናታን ብሎ ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ከሳኦል ቤት መቅረቱን ጠየቀ እንጂ፥ ሕፃኑ ስለ ምን እንደ ወደቀ አልመረመረም። የደቀ መዛሙርት ጥያቄ ተከሳሽ ይሻል፤ የዳዊት ጥያቄ ግን እንግዳ ይሻል። ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ አገር የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማንም፥ እ.ኤ.አ. በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል፥ ሞት ብቻ ይጠበቅላቸው የነበሩትን አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮች ሲረከብ፥ የተበጠሰውን ሊቀጥል አልተቻለውም፤ ነገር ግን ገላቸው እንዳይቈስል ቀንና ሌሊት እያስገላበጠ፥ ሥራና ጨዋታ እያስተማረ፥ በ1948 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት እስኪወዳደሩ አደረሳቸው።

አንባቢ ሆይ፥ በሰፈርህ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር፥ የወላጆቹን በደል ከመመርመርህ በፊት፥ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው መንገድ ደረጃ ብቻ እንዳይሆን ተመልከት። መጽሐፉ ሜምፊቦስቴ ተፈወሰ አይለንም፤ ከንጉሡ ልጆች እንደ አንዱ ሆኖ በማዕዱ ይቀመጥ እንደ ነበር ግን ይነግረናል።