ኃይል በተለየ ጊዜ ስለሚቀረው ፈቃድ

ፍጡር ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ከፈጣሪው በተቀበለው ኃይል መሆኑን ሊቃውንት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ምእመናንም ይህን ትምህርት ያለ ክርክር ይቀበሉታል። ያ ኃይል በድንገት በተለየ ጊዜ ለሰው የሚቀረው ሥልጣን ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ግን በቃል ብቻ የሚፈታ ስላልሆነ፣ ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚያዘቀዝቀው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሞተሩ የጠፋበትን ሾፌር ነገር መመርመር ይጠቅማል።

የነዳጁ ማጣሪያ ተደፍኖ ወይም ፓምፑ ሥራ አቁሞ ሞተሩ በጠፋ ጊዜ፣ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሪሲዮኑን ቢረግጥ መሪው እጅግ ይከብድበታል፤ መሪውን የሚያግዘው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ቺንጊያ ነውና። ፍሬኑም ሞተሩ ሲዞር ያገኘው የነበረው እገዛ ይቋረጥበታል፤ ሆኖም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጥብቆ ለመርገጥ የሚበቃ ረድኤት በማገዣው ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል። ማርሹን በእጁ የሚያስገባና ፍሪሲዮኑን ሳይረግጥ የጸና ሾፌር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ያያል፤ ቀድሞ ሞተሩ ያዞረው የነበረው ጎማ አሁን በተራው ሞተሩን እያዞረ ፍጥነቱን ይገታለታል፣ መሪውንም ያቀልለታል።

ጥፋት የሚመጣው ይህን ካለማስተዋል ነው። አንዱ ፔዳሉ በጠጠረ ጊዜ «ፍሬን የለም» ብሎ እግሩን ያነሣል፤ ሁለተኛው ደጋግሞ በመርገጥ የተጠበቀለትን ረድኤት በከንቱ ይጨርሳል፤ ሦስተኛው ቁልፉን ነቅሎ መሪውን በገዛ እጁ ይቆልፋል። ሦስቱም ክብደትን እንደ ማጣት ቈጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ክራይስለር ኢምፔሪያል የሚባለው መኪና በአይድሮሊክ የሚታገዝ መሪ ይዞ ለገበያ እስኪወጣ ድረስ፣ የቤት መኪና የሚነዳ ሁሉ መሪውን በክንዱ ብርታት ያዞር እንደ ነበረ ቢያስቡ ኖሮ፣ የተለያቸው ረዳት እንጂ መሪው ራሱ እንዳልሆነ ባወቁ ነበር። አበው ቀቢጸ ተስፋ ያሉት ኃጢአትም ሥሩ ከዚሁ የፍርድ ስሕተት ይመስለኛል፤ ጸጋ የራቀው ሰው ጾሙና ጸሎቱ ሲከብደው ፈቃዱ ጭምር የተወሰደ መስሎት ራሱን ይለቃልና።

ምናልባት አንድ መንፈሳዊ ሰው «ኃይሉን የሰጠ እርሱ ከነሣ፣ ከመሪው ጋር መታገል ትዕቢት አይሆንምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን ፈቃድም እንደ ኃይል ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነውና፣ አንዱ ስለ ተነሣ ሌላውን መጣል የሰጪውን ስጦታ ማቃለል እንጂ ትሕትና አይደለም። በአበው ዜና እንደሚነገረው አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በታከተ ጊዜ የታየው፣ ገመድ ለመታታት የሚቀመጥ፣ ለጸሎትም የሚነሣ፣ ዳግመኛም ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ነበር፤ ልመናው እጁን ሥራ አላስፈታውም። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ «እግዚኦ» የሚል ሾፌር ሁለቱን እጆቹን ከመሪው ሳያነሣ ሊል ይገባዋል፤ ነዳጅ ለመቈጠብ ሲል ማርሹን አውጥቶ የሚወርደውም፣ ሳይወሰድበት በፊት ረድኤቱን በገዛ ፈቃዱ የጣለ ነውና፣ ፈጣሪውን ከመፈታተን አይነጻም።

እንግዲህ ኃይል የተለየው ሰው ግዴታው የቀድሞውን ፍጥነት ማስመለስ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተቀበለውን እንቅስቃሴ ያለ ጉዳት ወደ ዕረፍት ማድረስ ነው፤ ፍሬኑን አንድ ጊዜ አጽንቶ መርገጥ፣ በቀረው ግስጋሴ ወደ መንገዱ ዳር መውጣት፣ ከቆመም በኋላ ከኋላው ለሚመጣው ወንድሙ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማቆም። በተነሣው ኃይል ማንም አይጠየቅም፤ ባለጸጋም ሆነ ድኃ፣ ጤነኛም ሆነ ሕመምተኛ የሚጠየቀው በእጁ በቀረው ነውና፣ የቀረውን ሳይመረምር «ሁሉ አለቀ» የሚል ሰው ራሱን ከሸክም ነጻ ያወጣ ቢመስለውም ከፍርድ ነጻ አይወጣም።