በመንገድና በቤት ስለሚገኝ ትንሽ ደስታ

በጅማ ከተማ ወይም በአጋሮ፥ በየቡ፥ በሰርቦ፥ በሊሙ ገነት የምትኖር ከሆነ፥ ዛሬ ጧት ከቤትህ ወጥተህ ስትሄድ ምን አየህ? ብዬ ብጠይቅህ ምናልባት ምንም አላየሁም ትለኛለህ። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ እመልስ ነበር። ዓይን አልጐደለኝም፤ ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ሥጋዊ ነው፥ ለአማኝም አይገባም ብዬ ራሴን አስተምሬ ነበርና አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። ጌታችን ወደ ቃና ሰርግ ቤት እንደ ሄደ ለሌሎች እየሰበክሁ ለራሴ ግን ረሳሁት።

የቡናን አበባ አስብ። በበጋው መጨረሻ፥ በየካቲት ወይም በመጋቢት፥ የደረቀው ምድር አንድ ደኅና ዝናብ ሲጠጣ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ያብባል። ሽታውም ጠምበለልን ይመስላል፤ አጥር ተሻግሮ እስከ መንገድ ይደርሳል። ነገር ግን ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ይጠወልጋል፤ ያን ጊዜ ያላየው ሰው ሌላ ዝናብ ይጠብቃል። ፍሬው እስኪቀላ ድረስ 8 ወር ያህል ይቀራል። ፍሬውን ገበሬ ይለቅመዋል፥ ነጋዴም ይመዝነዋል፤ አበባውን ግን የሚሸጠው የለም። ሳይሸጥና ሳይለወጥ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚታደል ነገር የሰጪውን ጠባይ ይናገራል።

ወደ ጅሬን ኮረብታም ውጣ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ጅማን የገዙት የሁለተኛው አባ ጅፋር ግቢ በዚያ አለ። በማለዳ ከዚያ ቁልቁል ብትመለከት ከተማዋን በጉም ተሸፍና ታያታለህ። በቤትህም የምትቀመጥበትን በርጩማ እስቲ ገልብጠህ እየው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፥ እግሩም ሦስት ስለ ሆነ ወለሉ ቢጐረብጥ እንኳ አይነቃነቅም። ይህን ያሰበ ጠራቢ ስሙ አልተጻፈም።

አሁን የራሴን በደል ልንገርህ። እስላም የሆኑ አሮጊት ጐረቤት ነበሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ልጅ ልከው፥ «ቡና ጠጡ ብለዋል» ያሰኙኝ ነበር። በቀድሞ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይነውሩት እንደ ነበር አንተም ሳትሰማ አትቀርም፤ ያ መንፈስ በእኔም ውስጥ ተደብቆ ነበር። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያሉ መቀመጥ ሥራ ፈትነት መሰለኝና፥ «ሥራ አለብኝ በላቸው» ብዬ ልጁን እመልሰው ነበር። በመጨረሻ መላካቸውን ተዉ። እኔም ተገላገልሁ አልሁ።

በአንድ ክረምት ሚስቴ ታመመች፤ 3 ቀን እህል አልቀመሰችም። በዝናቡ ውስጥ እኒያ እማማ ጀበናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፥ ጥሬ ቡናና ጤና አዳም ይዘው፥ ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። ስለ ቀድሞው ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቡናው ሲቈላ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሚስቴም ቀና ብላ፥ «እስቲ ለእኔም» አለች። በሁለተኛው ስኒ ላይ እማማ ስለ ልጃቸው አነሡ። ባለፈው ዓመት እንደ ሞተ ያን ቀን ሰማሁ። በመካከላችን የነበረው አንድ አጥር ብቻ ነው፤ እኔም በዚያ ዓመት በሦስት ከተማ ስለ ፍቅር ሰብኬ ነበር።

ቡና ላይ ሐሜት ይበዛል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐሜቱ ከሰው አፍ እንጂ ከጀበናው አይቀዳም።

አሁን በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ በርጩማዬን ይዤ ወደ እርሳቸው እሻገራለሁ። በረካውን ሳልጠጣ ብነሣ ይቈጡኛል፤ እኔም ተመልሼ እቀመጣለሁ።