ከራስ ቁሩ በታች ያለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ርእሳችን ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደ ስለሆነ ለዚህ ገጽ የሚመጥን አይመስል ይሆናል። ሆኖም ወጣት በሚስቅበት ነገር ልቡ ይታወቃልና ጥቂት ብንነጋገርበት አይከፋም።

«ሄሎ» የተባለው ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ጀግናው ማስተር ቺፍ ይባላል፤ አረንጓዴ ጥሩር ለብሶ፣ ወርቅማ መስተዋት ያለው የራስ ቁር ደፍቶ የሚዋጋ ወታደር ነው። በዋናዎቹ ጨዋታዎች ሙሉ ፊቱ ታይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ጨዋታ ፍጻሜ ላይ ቁሩን ያወልቃል፤ ነገር ግን ምስሉ ሽቅብ ይሄድና ፊቱ ሳይታይ ይቀራል። የካሜራውን አቅጣጫ በዘዴ ለውጠው ለማየት የሞከሩ ተጫዋቾች ምን አገኙ? ከቁሩ በታች ሌላ ቁር!

እንግዲህ ቀልዱ ከዚህ ይጀምራል። አንዱ መላጣ ነው ይላል፤ ሌላው አፍንጫ የለውም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቁሩን ቢልጡት እንደ ሽንኩርት አያልቅም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ታሪኩ በተከታታይ ፊልም ሲቀርብ በመጀመሪያው ክፍል ፊቱን ገለጠ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ወዳጆቹ ምነው ተሸፍኖ በቀረ አሉ። መቸም የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ሳቅ ኃጢአት ነው አንልም፤ የሥዕል ወታደርም አይቀየምም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በዚያው በ2001 የታተመው የታሪኩ ልብ ወለድ የዚህን ወታደር ስም ይነግረናል፤ ጆን ይባላል። የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከሌሎች ሰባ አራት ልጆች ጋር በስውር ከቤቱ ተወስዶ ለጦርነት ያደገ ነው። በልጆቹ ፈንታ በየቤታቸው የተተኩት አምሳያዎች ታመው ሲሞቱ፣ ወላጆች የገዛ ልጃቸውን የቀበሩ መሰላቸው። ስለ አፍንጫው ከሚቀልዱት መካከል ስለ እናቱ የጠየቀ ስንቱ ነው? ታሪኩ ተጽፎ ሳለ ቀልዱ በላዩ ዘልሎ አለፈ።

የተሸፈነ ፊት እጅን ያቀልላል፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መምታት ይቀላልና። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ጌታችንን የያዙት ሰዎች ያደረጉትን አስተውሉ። ፊቱን ከሸፈኑት በኋላ ይመቱት ነበር፤ ማን እንደመታውም ትንቢት ይናገር ዘንድ እየጠየቁ ይዘብቱበት ነበር። ለእነርሱ ጨዋታ ነበረ። ሌሊቱ ረዥም ነው፣ እስረኛው አይመልስም፣ የሚያፍሩበትም ዓይን አይታይም።

በእኛም መካከል አንዲት እኅት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትመጣለች። ጥቂት ሳምንታት ከጉባኤ በኋላ በግቢው ውስጥ ግምቱ በዛ፤ ጥርስዋ ነው የሚል መጣ፤ ተቃጥላለች የሚል መጣ፤ ከዚያ የባሰም ነበረ፤ አንጽፈውም። አንዲት ሌላ እኅታችን ግን ምንም ሳትናገር ሄዳ ከጎንዋ ተቀመጠች፤ በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ አደረገች። አሁን አብረው መዝሙር ያጠናሉ። የምትሸፈንበትን ምክንያት እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም፤ ስምዋን ግን ሁላችንም እንጠራለን።

በሚመጣው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ በዚሁ በሉቃስ ምዕራፍ ላይ ውይይት ስላለን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ በትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።