ውለታና ውጤት

«አሠልጣኙ ይቆይ ወይስ ይሰናበት?» የሚለው የኳስ ወዳጆች ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት የነጥብ ሒሳብ ይመስላል። ውስጡ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክላውዲዮ ራኒዬሪ ሌስተር ሲቲን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረጉት። ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2017፣ ቡድኑ ከወራጆቹ በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ ሳለ ተሰናበቱ። «ውለታ ቢስነት ነው!» ያሉ ነበሩ፤ «ክለብ ከሰው ይበልጣል» ያሉም አልጠፉም። ከአራት ቀን በኋላ ቡድኑ በምክትላቸው በክሬግ ሼክስፒር እየተመራ ሊቨርፑልን 3 ለ 1 ረታ፤ ውድድሩንም 12ኛ ሆኖ ፈጸመ።

ታዲያ ድሉ ስንብቱን ትክክል አደረገው? ውጤት ውሳኔው መጥቀሙን ያሳይ ይሆናል፤ ፍትሐዊነቱን ግን አያስመሰክርም። ውለታም ቢሆን ወንበር አያስጠብቅም፤ ወንበር የተሰጠው ለነገ ሥራ ነውና። ውለታ የሚያስገድደን እውነቱን ተናግረን እንድንሸኝ ነው። በአራት ቀን አዲስ እግር አይበቅልም፤ እነዚያው ተጫዋቾች ካሸነፉ፣ ከትናንቱ ጥፋት የእነሱም ድርሻ ነበረበት ማለት ነው። እንግዲህ አሠልጣኝን ማሰናበት ይቻላል፤ የሁሉንም ጥፋት አሸክሞ ማሰናበት ግን ግፍ ነው።