ሒሳቡን ማን ይክፈል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ምሳ የበላ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ግብግብ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሒሳቡ ሲመጣ እጆች ይሻማሉ፤ «በሞቴ»፣ «ያለፈውን አንተ ከፍለሃል» መባባል ይጀመራል። ኦስሎ፣ ሴንትሩም፣ በካርል ዮሐንስ ጎዳና ዙሪያ ባሉት ካፌዎች ግን ይህ ግብግብ ብዙም አይታይም። አንዱ በካርዱ ይከፍላል፤ ሌሎቹ ስልካቸውን አውጥተው ድርሻቸውን በቪፕስ ይልኩለታል። ዲኤንቢ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ይህ መተግበሪያ ከኑሮው ጋር ከመዋሐዱ የተነሣ ስሙ በኖርዌይኛ ግስ ሆኗል።

ይህን ያየ ሐበሻ ብዙ ጊዜ «ስስት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ችኩል ነው። «እኔ ልክፈል» የሚለው ልግስናም የራሱ ጭቆና አለው። ትናንት የመጣ ስደተኛ ወይም በትርፍ ሰዓት ሥራ የሚኖር ተማሪ ሁልጊዜ ተጋባዥ እንጂ ጋባዥ መሆን ካልቻለ፣ በሦስተኛው ግብዣ ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። ከወዳጆቹ ያራቀው ችግሩ ሳይሆን የውለታው ክብደት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የቡናውን ዋጋ ራሱ መክፈል ክብር ነው።

ሆኖም የሚታጣ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው የስጦታ ጥናቱ ሦስት ግዴታዎችን ለይቷል፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። አማርኛም ለገንዘቡም ለውለታውም «ብድር» የሚል አንድ ቃል ይጠቀማል፤ «ብድር በምድር» ይባላል። ዛሬ የተጋበዘ ሌላ ቀን ይጋብዛልና፣ ሌላ ቀን መኖሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ድርሻው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲከፈል ግን ሒሳቡ ይዘጋል፤ ዳግም ለመገናኘት የሚጠራ ነገር አይተርፍም።

በዚሁ ጎዳና ላይ ያለው የግራንድ ካፌ የዘወትር ደንበኛ የነበረው ሄንሪክ ኢብሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጣው «የአሻንጉሊት ቤት» ይህን ነገር ነክቶታል። ባልየው ሄልመር ብድር ወደ ቤቱ እንዲገባ አይፈልግም። ሕይወቱን ያተረፈው ግን ሚስቱ ኖራ ተደብቃ የተበደረችው ገንዘብ ነው። «ዕዳ የለብኝም» ብሎ የሚኮራ ሰው ብዙ ጊዜ ማን እንደከፈለለት አያውቅም።

ታዲያ ፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሐበሻ አይቆጥርም ማለት ነው? አይደለም። ዕድር መዝገብና ጸሐፊ አለው፤ መዋጮው አብዛኛውን ጊዜ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ነው፤ ላጓደለ ቅጣት አለ። ዕቁብም ያለ ቁጥር አይቆምም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ስላለ፣ አዲስ አበባም ድርሻን በስልክ መላክ ይቻላል። ልዩነቱ ዕድር የሚቆጥረው ሰዎች በክፉ ቀን እንዳይለያዩ መሆኑ ላይ ነው። ቪፕስም ቢሆን የኀዘን መዋጮ ሊሰበሰብበት ይችላል፤ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም።

ስለዚህ ድርሻውን የሚልክ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ የምልከው ወዳጄን ላለመጉዳት ነው ወይስ ማንንም ላለመፈለግ? አቅም ያለው አንዳንዴ ሒሳቡን ክፍት ቢተወው ምንም አይጎድልበትም። አቅም ያጠረውም ግብዣውን መሸሽ የለበትም፤ እሑድ ቤቱ ቡና አፍልቶ መጥራት ይችላል። ብድር በተቀበሉት መጠንና ዓይነት ብቻ አይመለስም።