ካሳ፦ የአንድ ስም አንድምታ

ንባብ፦ ስሙን ካሳ አሉት።

ዘይቤው፦ ካሳ ለጠፋ ንብረት ወይም ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ካሰ ከሚለው ግስ ይወጣል። የዳኝነት ቃል ነው። ከብቱ የሰው አዝመራ የበላበት ባላገር ካሳ ይከፍላል፤ ነፍስ ያጠፋም በሽማግሌ ፊት ካሳ ይቆረጥበታል። ለልጅ ስም ሲሆን ግን ሦስት ነገር ያስጠይቃል። የጠፋው ምንድን ነው? ከፋዩ ማን ነው? ተቀባዩስ? መልሱ እንደየቤቱ ስለሚለያይ ስሙ በብዙ ይተረጎማል።

አንድም፦ በሞተው ልጅ ፈንታ የተሰጠ ሲል ነው። የጠፋው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት፣ ከፋዩ እግዚአብሔር፣ ተቀባዮቹ ወላጆች ናቸው። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ የሚሉት ስሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሐተታ፦ ቃሉ አንድ ሲሆን ተናጋሪው ይለያያል። ካሳ ሲሉ ነገሩን ብቻ መጥራት ነው። ካሳዬ ሲሉ የወላጅ አፍ ይሰማል፤ ለእኔ የተከፈልኸኝ ማለት ነው። ካሳሁን ሲሉ ትእዛዝም ምርቃትም ነው፤ ልጁ ገና ያልሆነውን እንዲሆን ይለመናል። ካሳነሽ ሲሉ ነገሩ ተፈጽሟል፤ ልጅቱን ፊት ለፊት እያዩ ይመሰክሩላታል።

አብነት፦ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ሔዋን በቃየን እጅ ከሞተው ከአቤል በኋላ የወለደችውን ወንድ ልጅ ስሙን «ሴት» ብላዋለች። ምክንያቷም እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር ስለ ተካላት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ705 እስከ 681 የነገሠው፣ በሕዝቅያስ ዘመን ኢየሩሳሌምን ያስጨነቀው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ስሙ በአካድኛ «ሲን ወንድሞችን ተካ» ማለት ነው። ሲን አሦራውያን ያመልኩት የነበረ የጨረቃ አምላክ ነው። ከእርሱ በፊት የተወለዱ ወንድሞች ሞተው እንደ ነበር ስሙ ራሱ ያመለክታል። በጦሩ የሚታወቀው ንጉሥ ዕድሜውን ሙሉ የተጠራው በሟቾች መታሰቢያ ነበር። በሱዳንና በግብፅ የሚዘወተረው ዐወድ የሚለው የዐረብኛ ስምም ካሳ፣ ምትክ ማለት ነው።

አንድም፦ ማስረሻ ሲል ነው። ሐዘን የሚያስረሳ፣ እንባ የሚያብስ ልጅ ማለት ነው። ዮሴፍ በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት ስላስረሳው ነው፤ ታሪኩ በዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ይገኛል። ናሆምና ምናሔም የሚሉት የዕብራይስጥ ስሞችም ከማጽናናት የወጡ ናቸው።

ሐተታ፦ ካሳና ማስረሻ አይገጥሙም ቢሉ፣ እውነት ነው። ማስረሻ የሐዘኑን በር ሊዘጋ ይሻል፤ ካሳ ግን በተጠራ ቁጥር የጠፋውን ያነሳል፤ ያልጠፋ አይካስምና። ይሁን እንጂ ማስረሻም ቢሆን የሚረሳው ነገር ሳይኖር አይወጣም። ዮሴፍም ረሳሁት ያለውን የአባቱን ቤት በልጁ ስም ውስጥ አኑሮታል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች በመንገድ ቢለያዩ በመጨረሻ ይገናኛሉ።

አንድም፦ በሞተ አባት ፈንታ ሲል ነው። አባቱ ሞቶ በእናቱ ማሕፀን የቀረ ልጅ ለቤቱ ካሳ ነው። በናይጄሪያ የሚኖሩ ዮሩባዎች አያት ከሞተ በኋላ የተወለደውን ወንድ ባባቱንዴ፣ ማለትም «አባት ተመለሰ»፣ ሴቷን ዬቱንዴ፣ ማለትም «እናት ተመለሰች» ይሏቸዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በባባቱንዴ የሄደው ራሱ ይመለሳል፤ በካሳ ግን የሄደው ሄዷል፣ በቦታው ሌላ ይሰጣል።

አባት በሰው እጅ የሞተ እንደ ሆነም ስሙ ይጠነክራል። ደመላሽ የተባለ ልጅ የአባቱን ደም እንዲመልስ አደራ ተጥሎበታል፤ በዚህ ስም ውስጥ ጠቡ ገና አልበረደም። ካሳ የተባለ ልጅ ግን ራሱ ክፍያ ነው። ካሳ ከተከፈለ ደም ይደርቃል፤ ቂምም ያበቃል። የሁለቱም መነሻ አንድ ሞት ሆኖ አንዱ ወደ ጦር፣ ሌላው ወደ ሽምግልና ያመራል።

አንድም፦ ለድካም ዋጋ ሲል ነው። ማንም አልሞተም ቢሉ ያስኬዳል። ብዙ ዘመን መክና የኖረች፣ በስደት ወይም በችግር የተንገላታች እናት ያለፈውን ሁሉ በልጇ እንደ ተካሰች ትቆጥራለች። የጠፋው ዘመኗ ነው።

ታሪክ፦ በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ስም ይዘው የተነሡ ሁለት ሰዎች ነግሠዋል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲደፉ ቴዎድሮስ ተባሉ። ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ሲነግሡ ዮሐንስ ተባሉ።

ሐተታ፦ ስሙን ለምን ለወጡት ቢሉ፣ ካሳ የቤት ስም ነው፤ ወላጆች ወዳጡት ይመለከታል። የዘውድ ስም ደግሞ ሕዝብ ወደሚጠብቀው ይመለከታል። ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ የተነገረ ትንቢት ነበርና ስሙ ተስፋውን ጠራ። ቴዎድሮስ በግሪክኛ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ማቴዎስና ዮናታን በዕብራይስጥ፣ ቦግዳን በስላቭ ቋንቋዎች ይህንኑ ይላሉ። ካሳም ስጦታም ከላይ የሚመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ካሳ ጉዳት ይቀድመዋል፣ ስጦታ ምንም አይቀድመውም።

አንድም፦ የቤተሰብ መጠሪያ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። የካሳ ልጅ ምትኩ ካሳ ቢባል፣ የምትኩ ልጅ በአባቱ በምትኩ ይጠራል፤ ካሳ የአያት ስም ሆኖ ቆይቶ ከመዝገብ ይወርዳል። በአይስላንድም አብዛኛው ሰው እስከ ዛሬ በአባቱ ስም ይጠራል። በሌላው ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ሕግ ስምን አጽንቶታል፦ በኔዘርላንድ የናፖሊዮን ዐዋጅ በ1811፣ በጃፓን በ1875፣ በቱርክ በ1934 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አስገድደዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይጽፋሉ፤ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያንም የብዙዎቹ የአያት ስም በዚሁ ቦታ ተመዝግቧል።

ሐተታ፦ በዚህ ጊዜ ካሳ መውረዱ ይቀርና ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል። ይህም በሁለት ይታያል። አንድም ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ምንም ያልጠፋበት ልጅ ካሳ ተብሎ ይጠራልና። አንድም መታሰቢያው ይረዝማል፤ በአገር ቤት በሦስተኛው ትውልድ የሚወርደው ስም በውጭ አገር ጸንቶ ይቀራልና። ሁለቱም ያስኬዳል። የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው ትረካው ነው። በማን ሞት፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን አፍ እንደ ወጣ ለልጆች የተነገረ ስም ከነትርጓሜው ይወረሳል፤ ያልተነገረ ግን ንባቡ ብቻ ይተላለፋል።