በሥዕል ስለሚሸጥ ዕቃ

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ በመርካቶ ውስጥ ስሙን ከጎጃም አገር የወሰደ ጎጃም በረንዳ የሚባል ሠፈር አለ። በዚያም ሆነ በሌላ ገበያ አስተዋይ የሆነ እህል ገዥ ከጆንያ ፊት በቆመ ጊዜ ከላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ እጁን ወደ ጆንያው ሰድዶ ከታች ያለውን ያወጣል፥ በመዳፉም ላይ ዘርግቶ ይመለከተዋል። ይህንም የሚያደርገው ከላይ ንጹሑን፥ ከታች ግርዱን የሚያኖር ነጋዴ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 8 የስንዴን ግርድ ለድሆች የሚሸጡትን ገሥጾአቸዋል።

በዛሬ ዘመን ግን ብዙ ያገለገለ ዕቃ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይሸጣል፤ አንዳንዱም ዋጋ በዋጋ ላይ እየተጨመረ በሐራጅ ይሸጣል። በዚያ ገበያ እጅ የሚገባበት ጆንያ የለም፤ ገዥው የሚያምነው ፎቶግራፉን ብቻ ነው። ሻጩም መስተዋቱ የተሰነጠቀውን፥ ባትሪው የደከመውን ስልክ ሊሸጥ ሲወድ፥ የራሱን ዕቃ ማንሣት ትቶ ፋብሪካው ስለ አዲሱ ዕቃ ያሠራውን የሚያበራ ሥዕል ከኢንተርኔት አውጥቶ ይለጥፋል።

«እኔ በአፌ አልዋሸሁም፤ ዓይነቱ ይኸው ነው፤ ሥዕሉ ለምሳሌ ያህል ነው» ትል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፤ ሐሰት በአፍ ብቻ የምትነገር ይመስልሃልን? በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖንን ሰዎች ነገር ተመልከት። አሮጌ ስልቻ፥ የተጠገነ ጫማ፥ የሻገተ እንጀራ ይዘው መጡ፤ የእስራኤልም አለቆች ዓይናቸው ባየው ተታለሉ። እነርሱ ቅርቡን ሩቅ ለማስመሰል አሮጌውን አሳዩ፤ አንተም አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል አዲሱን ታሳያለህ። መንገዱ ተገለበጠ እንጂ ተንኰሉ አንድ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ሚዛን መያዝ ተከልክሎአል። ለማሳያ አንድ ሥዕል፥ ለማስረከቢያ ሌላ ዕቃ የያዘ ሰው ሁለት ሚዛን ይዞአል።

ደግሞም ገዥህ ማን እንደ ሆነ አስብ። ለልጇ ትምህርት ስልክ የምትፈልግ ልብስ አጣቢ፥ ወይም በስፌት መኪና እንጀራውን ሊያገኝ የሚመኝ ወጣት ይሆናል። አዲስ ለመግዛት አቅም ቢኖራቸው ያገለገለውን ባልፈለጉም ነበር። ገንዘባቸውን በቴሌብር አስቀድመው ይልካሉ፤ ዕቃው በሞተር ብስክሌት መጥቶ በተከፈተ ጊዜ የወራት ቍጠባቸው እንደ ጠፋ ያያሉ፤ የደወሉለትም ስልክ አይመልስም። እንዲህ ያለውን ልቅሶ እግዚአብሔር የማይሰማ ይመስልሃልን?

የምድር ሕግ እንኳ ዝም አላለም። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ አድርጎታል፤ በ2006 ዓ. ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813ም አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሎአል። ዳሩ ግን ክርስቲያን ዳኛ እስኪጠራው ድረስ አይጠብቅም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ራሱን ዕቃውን በቀን ብርሃን አንሣ፤ ስንጥቁንና ዝገቱን ከቅርብ አሳይ፤ የማይሠራውን ሳትሸሽግ ጻፍ። ገዥውም ሳይከፍል አይቶና ሞክሮ ይውሰድ። ዋጋው ዝቅ ይልብህ ይሆናል፤ ነገር ግን የዕቃህ እውነተኛ ዋጋ ያ ነው። ከዚያ በላይ የተቀበልኸው የሥዕሉ ዋጋ ነው፤ ሥዕሉም የአንተ አልነበረም።

ገዥ ሆይ፤ አንተም መልካሙን ዕቃ በሐሰት እየነቀፍህ የችግረኛውን ሻጭ ዋጋ አታውርድ።

ከዚህ በፊት በዚህ ነገር ያታለልኸው ሰው ቢኖር፥ ዘኬዎስ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ቀን ያደረገውን አስብ። እርሱ ንስሐውን በቃል ብቻ አልጨረሰም፤ ከገንዘቡም ሊመልስ ቃል ገባ። አንተም ስሙና የስልኩ ቍጥር በእጅህ ሳለ ዛሬ ደውልለት፥ ገንዘቡንም መልስለት።

ልብን የሚመረምር አምላክ እጃችንን ከሐሰት ሚዛን ይጠብቅልን። አሜን።